መርዶ እስኪደርስ ኪምባፕ

ወጥ ቤት ስገባ ሚስቴ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ጠፋብህ?» እውነቷን ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ወጥ ቤት የገባሁት ወይ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ነው፣ ወይ ቻርጀር ፍለጋ ነው፣ ወይ ደግሞ እሷን ፍለጋ ነው። ምግብ ለመሥራት የገባሁበትን ቀን ሁለታችንም አናስታውሰውም፤ ስለሌለ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ ሽርጥ ታጥቆ «ኮሪያ ምግብ እንሥራ» ቢል ምን ይባላል? እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የማጫውታችሁ ስለዚሁ ብልጠቴ ነው። ብትስቁ አልቀየምም፤ ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም።

ምግቡ ኪምባፕ ይባላል። እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር የባሕር አረም ላይ ሩዝ ይነጠፋል፤ በሩዙ ላይ ካሮት፣ ስፒናች፣ ተጠብሶ በቀጭኑ የተቆረጠ እንቁላልና በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ የቆየ ቢጫ ፍጁል ይደረደራል፤ ከዚያ በትንሽ የቀርከሃ ሰሌን ተጠቅልሎ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ሲያዩት ያምራል። ሲሠሩት ግን ሰው የባሕርዩን ልክ የሚያውቅበት ምግብ ነው።

ባለቤቴ ሙሉነሽ ይህን የተማረችው በሥራዋ ሰበብ ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ሰው ማንሣት፣ ሰው ማጠብ፣ ሰው መሸኘት ሲበዛባት ሚስስ ሱን የምትባል ኮሪያዊት ባልደረባዋ አየቻትና «ነይ ቤቴ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለቻት። ያሳየቻት ኪምባፕ ነው፤ ግን እንዲሁ አይደለም፣ ሕግ አለው። ስልክ የለም። ወሬ የለም። ሩዝ ስታጥቢ ሩዝ ብቻ ነው የምታጥቢው፤ ካሮት ስትቆርጪ ስለ ካሮት ብቻ ነው የምታስቢው፤ ትንፋሽሽን እየሰማሽ። ፈረንጆቹ «ማይንድፉል» ይሉታል። እኛ ገዳም ስንል የኖርነውን ነገር እነሱ ወጥ ቤት አስገቡት ማለት ነው።

ሙሉ ከሚስስ ሱን ቤት የተመለሰች ቀን ትከሻዋ ሁሉ ወርዶ፣ ፊቷ ተፈትቶ ነበር። በሳምንቱ ካሮልተን የኮሪያ ገበያ ሄዳ ሰሌኑንም አረሙንም ገዝታ መጣችና «አንድ ቅዳሜ አብረን እንሥራ» አለችኝ። ኦቨርታይም አለኝ አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመኪና ዘይት መቀየር አለብኝ አልኳት። በሚቀጥለው ወገቤን አመመኝ። ከዚያ እንደገና ዘይት። አንድ መኪና በሦስት ወር ስንት ጊዜ ዘይት እንደሚቀየርለት የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ ግን ምንም አላለችኝም። ብቻዋን ትጠቀልላለች፣ እኔ ሳሎን ተጋድሜ ኳስ እያየሁ የተቆረጠው ሲመጣልኝ እበላለሁ። «እንዴት ነው?» ስትለኝ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳላነሣ «አሪፍ ነው» እላለሁ።

ነገሩ የመጣው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ኤርፖርት ነው የምሠራው፤ መኪና የሚከራዩ መንገደኞችን በባስ አመላልሳለሁ። ዕረፍት ወጥቼ ባሱ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። የሙሉ ታናሽ ወንድም ደረጀ ነው፣ ከደሴ። ደረጀ ለኔ ደውሎልኝ አያውቅም፤ የሚደውለው ለእኅቱ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ስልክ ባለቤቱን ትቶ ጎረቤቱን ሲጠራ ልብ ከጆሮ ቀድሞ ይሰማል።

እትዬ አስካለ ዐርፈዋል። የሙሉ ታላቅ እኅት ናቸው። እናታቸው በሽተኛ ስለሆኑ ሙሉን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ «ከጡት በቀር ያልሰጠችኝ ነገር የለም» ትላለች ሙሉ። ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻቸው። ሙሉ ትምህርቷን የጨረሰችው በዚያች ሻይ ቤት ብርጭቆ ነው።

ደረጀ እያለቀሰ «አደራ፣ አንተ እንዳትነግራት። ሰው ሰብስበህ በወጉ ያርዷት። በስልክ እንዳትሰማ፣ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ» አለኝ። እሺ አልኩ። አደራ እሺ ለማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ አራት ሰዓት ነው።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዳላስ ውስጥ ግን ሊነጋጋ ሲል ግማሹ ሰው ከናይት ሺፍት እየወጣ፣ ግማሹ ወደ ዌርሃውስ እየገባ ነው። ስለዚህ እዚህ መርዶ የሚነገረው የነጋሪዎቹ ሺፍት ሲገጥም ነው፤ ሐዘንም እንደ ሰው ሁሉ ስኬጁል ይጠብቃል።

የኛ መርዶ አዋቂ ጋሼ መኮንን ናቸው። ኧርቪንግ ነው የሚኖሩት፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ለስንት ሰው እንዳረዱ እሳቸውም አይቆጥሩትም። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። ነገር ግን ሳይጠራቸው ደጁ ላይ ቆመው ያያቸው ሰው «ማን ሞተብኝ?» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ለልጅ ልደት ኬክ ይዘው ቢሄዱ እናትየው በሩን ከፍታ ፊታቸውን ስታይ እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ለደስታ የሚጠራቸው ሰው የለም፤ ካልቀረ ደውለው ነው የሚሄዱት፣ «ለደኅና ነው» ብለው።

«ነገ በአራት ሰዓት እንመጣለን» አሉኝ፣ በአሜሪካኑ ማለታቸው ነው። «ከዚያ በፊት አይሆንም፤ ቄሱ እስከ ሦስት ሥራ ናቸው፣ የዕድራችን እታፈራሁም ደብል ሺፍት ናት።»

«ጋሼ፣ እስከዚያ ምን ላድርጋት? ነገ ኦፍ ናት እኮ። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትከፍተው ስልኳን ነው።»

«እንዳትከፍት ማድረግ ያንተ ፈንታ ነው። አንዱ ፌስቡክ ላይ ቀድሞ ‹ነፍስ ይማር› ይልና ጉድ ይሠራናል። ሁለተኛ፣ በልታ ትጠብቀን። ከተረዳች በኋላ እህል ባፏ አይዞርም። ሦስተኛ፣ ፊትህን ጠብቅ።»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

«ፊትህ አይታመንም፣ ልጄ» አሉኝና ዘጉት።

ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጃችን ለሊያም ደወልኩ። አክስቷ ናቸውና ማወቅ አለባት ብዬ ነው። አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ደግሞ ተቆጣች።

«ዌይት፣ ዳድ። ለማሚ አልነገርክም? ሶ አንተ ታውቃለህ፣ እሷ አታውቅም፣ ኤንድ ቤት ውስጥ አብራችሁ ትሆናላችሁ? ዛት ኢዝ ሶ ሮንግ።»

«ልጄ፣ ወጉ ነው። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው እኮ ነው።»

«ብቻዋን አይደለችም እኮ። አንተ አለህ።»

«ነገ በሦስት ተኩል ነይ፣ ጥቁር ልበሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ሙሉ ያን ቀን አምሽታ ነበር የምትገባው፤ ስትመጣ የተኛሁ መስዬ አመለጥኩ። ጠዋት ላይ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ሳወጣ ሳወርድ ነው መላው የመጣልኝ። ስልክ የማይነካበት፣ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፣ ፍጻሜው ደግሞ መብላት የሆነ ነገር ምንድን ነው? ጋሼ መኮንን ያዘዙትን ሁሉ ባንድ ሰሌን የሚጠቀልል! ከአልጋ ዘልዬ ተነሣሁ።

ሙሉ ጥርሷን እየፋቀች ነበር።

«ሙሉዬ፣ ዛሬ ኪምባፕ እንሥራ» አልኳት።

በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። ብሩሹ አፏ ውስጥ ቆመ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«አንተና እኔ?»

«እኔና አንቺ። በሕጉ ነው ደግሞ፤ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም።»

ትክ ብላ አየችኝ። ተጉመጠመጠች። ፊቷን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ከዚያ በፎጣው ውስጥ ሆና «ሊያ ደውላ ነበር?» አለችኝ።

«ትናንት አውርተናል። ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች፤ ደኅና ናት።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ስልኳን ከኮመዲኖው አንሥታ፣ ሳትከፍተው ድርግም አድርጋ አጠፋችውና የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከፎጣ ሥር ከተተችው። እኔ እንዴት እንደምነጥቃት ሳውጠነጥን ያደርኩትን ስልክ! በሆዴ «ተመስገን፣ በገዛ እጇ ሰጠችኝ» አልኩ። ሰው በጣም ሲሞኝ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

ሩዙን እኔ ልሥራ ብዬ ያዝኩ። መቼም ሩዝ አያቅተኝም ብዬ ነው። እኛ የምናውቀው ሩዝ አንድ ዓይነት ነው፤ ዘይት ይግላል፣ እርድ ጣል ይደረግበታል፣ ከዚያ ፍሬ ከፍሬ ሳይነካካ እንደተኳረፈ ጎረቤት ተለያይቶ ይበስላል። «አልተላቆጠም» ከተባለ ባለሙያው ተመሰገነ ማለት ነው። ሙሉ ስታደርገው አይቻለሁና እኔም አንዲት ፍሬ እንኳ ሳትጣበቅ አበሰልኩት። ሙሉ ከድስቱ ዘግና ጨበጥ አደረገችውና እጇን ከፈተች። ቢጫው ሩዝ በጣቶቿ መሀል ፈሶ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ለኪምባፕ የሚፈለገው የተላቆጠው ነው» አለች።

«እንድገመዋ!» አልኩ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። አንድ ሰዓት አተረፍኩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ስለሚባክን እህል አንድ ሙሉ ስብከት ይወርድብኝ ነበር። ያን ቀን ግን «እንድገመው» ብላ ብቻ አዲሱን ሩዝ ልትለካ ሄደች። ሁለት ስኒ ስትለካ ጊዜ እኔ ሆዬ ጆንያውን አንሥቼ ድስቱ ላይ ገለበጥኩት።

«ምነው ይኼን ያህል?»

«ሰው ቢመጣስ?»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሙሉ ድስቱን ቁልቁል አየችው። «እውነትህን ነው፤ ሰው አይጠፋም» አለችና ከጓዳ ትልቁን ብረት ድስት አወጣች።

ሩዙ ውሃው እስኪጠራ መታጠብ አለበት። ሚስስ ሱን አራት ጊዜ ይበቃል ብላለች። ሙሉ ዘጠኝ ጊዜ አጠበችው። ውሃ ትሞላለች፣ በእጇ ቀስ ብላ ታዞረዋለች፣ ትደፋለች፣ እንደገና ትሞላለች። ከአራተኛው በኋላ ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ በሰዓቱ መሄድ እየተደሰትኩ «እጠቢ፣ በደንብ እጠቢ» እላለሁ፤ ሰው ይኼን ያህል ሩዝ የሚያጥበው ለምን እንደሆነ አንዴም ራሴን አልጠየቅኩም።

ሩዙ እስኪበስል ካሮት ተሰጠኝ። እሷ የቆረጠችው እንደ ክር ቀጥኖ ተደርድሯል፤ የኔው ለምድጃ የተፈለጠ ነው የሚመስለው። «ትንፋሽህን ስማ፣ ቢላዋው አብሮት ይሄዳል» አለችኝ። ሃምሳ አራት ዓመት ስተነፍስ አንድ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን ትንፋሽ ያን ቀን ሰማሁት። ምነው ባልሰማሁት! ዝም ሲሉ ያመለጡት ሁሉ ይመጣል። እትዬ አስካለ መጡብኝ። የሰርጋችን ጠዋት ጥግ ይዘውኝ ሄደው፣ «ይቺ ልጅ ስትጮህ አትፍራት፤ ዝም ስትል ግን ተጠንቀቅ» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሲናገሩ ሁለት እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ያብሱ ነበር፤ ለሰርጉ እንኳ ሽርጡን አልፈቱትም። ዓይኔ ሞላ። ፊትህን ጠብቅ ተብያለሁ! ከቅርጫቱ አንድ ሽንኩርት መንጭቄ መክተፍ ጀመርኩ።

«ኪምባፕ ሽንኩርት አይገባበትም» አለች ሙሉ።

«ለወጥ ነው።»

«የምን ወጥ?»

«የነገ።»

ዝም አለች። ከዚያ ሄዳ አራት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችልኝ። «እንግዲያስ ይኼንንም ጨምርበት» ብላ ወደ ካሮቷ ዞረች። አምስት ሽንኩርት ከተፍኩ። እንደዚያን ቀን ተመችቶኝ ያለቀስኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ መከራው ከውጭ ጀመረ። ሐበሻ ለሰርግ ሦስት ሰዓት ያረፍዳል፣ ለክርስትና ሁለት ሰዓት ያረፍዳል፤ ከቀጠሮው ቀድሞ የሚገኘው ለመርዶ ብቻ ነው። በመስኮቱ ሳይ የዕድሩን አርባ ተጣጣፊ ወንበር የጫነ ፒክአፕ ደጃችን ላይ እየቆመ ነው። ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ እጄ ላይ ሩዝ እንደተጣበቀ በጋራዡ በኩል ሮጬ ወጣሁ።

«አንተ! ገና ነው! ዞር በል ከዚህ!»

«ወንድሜ፣ በአራት አይደለም እንዴ? ፓርኪንግ እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለኝ ሾፌሩ። ቀጥሎ ሽርጤን አየና «ይቅርታ፣ አንተ ነህ እንዴ የምታበስለው? በጣም ከባድ ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ።

«ጥጉ ጋ ሄደህ ፓርክ አድርግ!»

ስመለስ ሙሉ ስፒናቹን በሰሊጥ ዘይት እያሸች ነው። «ማነው?» አላለችም። እኔው ባልተጠየቅኩት «ጎረቤት ግብዣ ያለው ይመስለኛል» አልኩ። «ይሆናል» አለች።

ሃያ ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ መኪና መጣ። ከዚያ ሌላ። ልዩነቱ እነዚህኞቹ ጨዋዎች ስለሆኑ አይወርዱም፤ ሰዓቱ እስኪደርስ በየመኪናቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እታፈራሁ የሥራ ዩኒፎርሟ ላይ ነጠላ ደርባ ጋቢና ውስጥ ታለቅሳለች። የምንኖርበት ዋይሊ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ልክ፣ ያልታወቀ መኪና ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆመ መነጋገሪያ ይሆናል። ማዶ ያለው ባለ ውሻ ጎረቤታችን መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ሁሉ ሰላም ነው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስምንት መኪና ሙሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ቤትህን እያየ ነው። ሰው ልጥራልህ?»

«ጓደኞቼ ናቸው። ለምሳ ነው የመጡት።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

«ሩዙ አልደረሰም።»

ሰውየው እኔን አየ፣ መኪኖቹን አየ፣ ውሻውን አየ። በሕይወቱ እንደዚህ ሥርዓት ያለው እንግዳ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኝ ሄደ። በሩን ዘግቼ ዞር ስል ሙሉ የወጥ ቤቱን መስኮት መጋረጃ እያወረደች ነው።

«ፀሐዩ በዛ» አለች።

ያ መስኮት ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ አግኝቶ አያውቅም። እኔ ግን ይህንንም የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ መጠቅለሉ መጣ። የመጀመሪያዬ መሀሉ ተተረተረና ካሮቱም እንቁላሉም በጎኑ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ሩዝ አበዛሁና እንደ ክንድ ወፈረ። ሙሉ ከኋላዬ መጥታ እጆቿን በእጆቼ ላይ አደረገች። «በጣትህ መሙያውን ያዝ፣ በአውራ ጣትህ ሰሌኑን አንሣ። አሁን ግፋ። አትቸኩል። ጨበጥ አድርገህ ቆይ» አለችኝ። ቆየን። እጇ ይሞቅ ነበር። እኔ ስወጣ እሷ ስትገባ፣ እኔ ስተኛ እሷ ስትነሣ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን የቆምንበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞከርኩና ሳይመጣልኝ ቀረ። እውነቱን ልናገር፤ ያቺ ደቂቃ ደስ አለችኝ፣ ደስ ስላለችኝ ደግሞ አፈርኩ። ለዚች ደቂቃ ሦስት ወር ለምናኛለች። እኔ የመጣሁት ላታልላት ነው።

ሰሌኑን ስፈታው ያልተበታተነ ጥቅል ወጣ። ቆርጬ አንዷን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ቅመሽ።»

«ሲያልቅ።»

«አንዲት ብቻ፣ ሙሉዬ። ከጠዋት ጀምሮ እኮ ምንም አልቀመስሽም።»

«ሲያልቅ አልኩህ።»

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። የጋሼ መኮንን ሁለተኛ ትእዛዝ ራሴ ላይ ይዞርብኛል፤ ደግሜ እንዳልለምናት ደግሞ ፊቴን እፈራለሁ። ሙሉ ሰሌኑን ወሰደችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ራሷ መጠቅለል ጀመረች። ወሬ የለም የሚለውን ሕግ ያፈረሰችው ያን ጊዜ ነው።

«ይኼ የእማዬ ነው» አለች፣ አንዱን ጠቅልላ ሳህን ላይ እያስቀመጠች። ቀጥላ ሌላ አረም ዘረጋች። «ይኼ የደረጀ። እንቁላል ይወዳል፣ ልጨምርለት።» ሌላ ዘረጋች። «ይኼ የአክስቴ የዘውዴ። ጥርስ የላትም፣ ካሮቱ ይቅርባት።» ሌላ ዘረጋች። «ይኼ የእትዬ አስካለ።»

ቢላዋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እሷ ዞር አላለችም። ሩዙን በእርጥብ ጣቷ እስከ አረሙ ዳር ድረስ አዳረሰች፣ ፍጁሉን አስተካከለች፣ ጠቀለለች፣ ጨበጥ አድርጋ ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች። ከዚያ እንደገና ከእማዬ ጀመረች። ሁለተኛ ዙር። ሦስተኛ ዙር። ሳህኑ ሞላ፣ ትሪ ወጣ። እኔ ሴትዮዋ ቤተሰቦቿ ናፍቀዋት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም።

አራት ሰዓት ሲሆን የመኪና በሮች ተከታትለው ሲዘጉ ተሰማ። የብዙ ሰው እግር በመንገዱ መጣና ደጃችን ላይ ቆመ። ደወሉ ተደወለ።

«ይቆዩ፤ አንድ አረም ቀርቶኛል» አለች ሙሉ።

ማነው አላለችም። ያን ጊዜ ገና ጀርባዋን አየሁት። እስከዚያ ድረስ ሳየው የዋልኩት የራሴን ብልጠት ነበር።

«ሙሉ...»

«ጠዋት ኪምባፕ እንሥራ ስትለኝ ነው ያወቅሁት» አለች፣ ሩዙን እየነጠፈች። «አንተ ሽርጥ የምትታጠቀው ሰው ቢሞት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም ታዲያ?»

«ብጠይቅህ ፊትህ ይነግረኛላ። ስም እስኪጠራ ድረስ እኮ ሁሉም አሉ። እማዬም አለች፣ ደረጀም አለ፣ እትዬ አስካለም አለች። ይኸው ስምንት ሰዓት ሙሉ ሁሉንም አቆየኋቸው።»

ብዙ ሰው መርዶ ተረድቷል፤ እኔ ያን ቀን የተረዳሁትን ግን የሚያረዳ ሽማግሌ የለም። የሃያ ሁለት ዓመት ሚስቴ እኔ አጠገቧ ቆሜ ላግዛት ብል ከዚህ ውስጥ የምታነበው የሰው ሞት ነው። ተናደድኩም አዘንኩም፣ በራሴ።

የመጨረሻውን ጠቀለለች። እጇን ታጠበች፣ አደራረቀች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደወሉ ሁለተኛ ተደወለ፤ ጋሼ መኮንን ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማኝ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሊያ ስታለቅስ።

«በል አጉርሰኝ» አለችኝ። «ከዚህ በኋላ እህል አይወርድልኝም።»

«ከየትኛው?»

«ከፈለግህበት። እኔ አላይም» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

እጄ ትሪው ላይ ተንከራተተ። የማን የማን እንደሆነ ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዙር ስትደረድር ቆሜ አይቻለሁ። ከእናቷ ጥቅል አንዲት ቆርጬ አጎረስኳት። ሚስስ ሱን እንዳስተማረቻት አኘከች፤ ቀስ ብላ፣ አንዲቱን ጉርሻ ሳትጨርስ ወደ ሌላ ሐሳብ ሳትሄድ። ደወሉ ሦስተኛ ተደወለ። አልሄድኩም። ስታኝክ ቆሜ ጠበቅኋት፤ እነሱም ውጭ ቆመው ጠበቁን።

ዋጠችው። ዓይኗን ግን አልገለጠችም።

«አሁን ክፈትላቸው» አለችኝ።